በአንድ ሚሊሜትር ፋይበር ሕዋስን ማየት፦ የማይክሮ-ኢንዶስኮፕ አሠራር ደረጃ በደረጃ

አንድ ሐኪም በታካሚው አካል ውስጥ ያለን ሕዋስ ለማየት ሲፈልግ የተለመደው መንገድ ረጅም ነው። ከሕብረ ሕዋሱ ቁራጭ ይወስዳል፣ ፎርማሊን ውስጥ ያኖረዋል፣ ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ይልካል። እዚያ ቁራጩ በፓራፊን ሰም ይጠነክራል፣ በስሱ ይቆረጣል፣ ይቀለማል፤ ማይክሮስኮፕ ሥር የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከሩቅ ገጠር የመጣ ታካሚ ደግሞ ውጤቱን ለመስማት ላይመለስ ይችላል። የፋይበር ማይክሮ-ኢንዶስኮፕ ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። ናሙናው ወደ ማይክሮስኮፑ መሄዱ ቀርቶ ማይክሮስኮፑ ራሱ ወደ ሕብረ ሕዋሱ ይሄዳል፤ ያውም አንድ ሚሊሜትር በማትሞላ ውፍረት።

እዚህ የማሳየው በአሜሪካ ሂውስተን በሚገኘው ራይስ ዩኒቨርሲቲ የሬቤካ ሪቻርድስ-ኮርተም ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመውንና ከዚያ ወዲህ እያሻሻለው የመጣውን ዓይነት መሣሪያ ነው። ሰማያዊ ኤልኢዲ፣ ጥቂት ሌንሶች፣ ማጣሪያዎች፣ አንድ ካሜራና አንድ የፋይበር ጥቅል፤ ይኸው ነው። ሕብረ ሕዋሱ ፕሮፍላቪን በሚባል ቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴ ብርሃን መልሶ ያወጣል (ይህ ፍሎረሰንስ ይባላል)፤ ካሜራው የሚያየው ያንን አረንጓዴ ነው። ሌዘርም ሆነ ብርሃን የሚያመላልስ ተንቀሳቃሽ መስታወት የለውም። በባዮሜዲካል ምህንድስና ወይም በፊዚክስ ትምህርት ክፍል ቤተ ሙከራ ውስጥ ሊገጣጠም የሚችለውም ስለዚህ ነው። መመሪያው ለጠረጴዛ ላይ ሥራ ነው። ከሥጋ ቤት በተገኘ የእንስሳት ሕብረ ሕዋስ እንሠራለን። ወደ ሰው ለመሻገር ሌላ ደጅ መጥናት ያስፈልጋል፤ እሱን መጨረሻ ላይ አነሳዋለሁ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ይህን መሣሪያ ለመሥራት የሚነሣ ሰው ገንዘቡንም ሐሳቡንም ካሜራው ላይ ያውላል። ምስሉን የሚወስነው ግን የፋይበሩ ጫፍ ነው፤ ስንት የብርሃን መንገድ እንዳለው፣ ምን ያህል እንደተወለወለ፣ ሕብረ ሕዋሱን እንዴት እንደነካ። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ የምዘገየው ጫፉ ላይ ነው።

የትኛው ፋይበር?

በቀጭን መንገድ ገብቶ ሕዋስን ለማየት ሦስት አማራጮች አሉ። የመጀመሪያው ግሪን ሌንስ የሚባለው ቀጭን የመስታወት ዘንግ ነው። ጥራቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አይተጣጠፍም፣ ስለዚህ በብዛት የሚያገለግለው በአይጥ አእምሮ ጥናት ላይ ነው። ሁለተኛው ብርሃንን በብዙ ሞድ፣ ማለትም በብዙ የአጓጓዝ ቅርጽ ባንድ ጊዜ፣ የሚያስተላልፍ አንድ ነጠላ ፋይበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የተለያዩ የአውሮፓና የአሜሪካ ቡድኖች በዚህ ዘዴ በሕይወት ባለ አይጥ አእምሮ ውስጥ የነርቭ ሕዋሳትን ማየት ችለዋል። ከሦስቱ እጅግ ቀጭኑ እሱ ነው። ችግሩ ፋይበሩ ትንሽ በታጠፈ ቁጥር አስቀድሞ የተሠራው ልኬት ይበላሻል፤ ለጀማሪ አይመከርም።

ሦስተኛው የእኛ ነው፤ የፋይበር ጥቅል። በአንድ ቀጭን የመስታወት ገመድ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የብርሃን መንገዶች ጎን ለጎን ተዋሕደው ይገኛሉ፤ በአንደኛው ጫፍ ያላቸው አሰላለፍ በሌላኛውም ጫፍ እንዳለ ይጠበቃል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሆፕኪንስና ካፓኒ በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ምስል በፋይበር ጥቅል እንደሚተላለፍ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። በ1957 ደግሞ ባዚል ሂርሾዊትዝና ባልደረቦቹ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ተጣጣፊ የጨጓራ መመልከቻ ሠርተዋል። ዛሬ ያለው ልዩነት እያንዳንዱ መንገድ ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ መሆኑ ነው።

የምመክረው 30,000 መንገዶች ያሉትን የሲሊካ ጥቅል ነው። ሱሚቶሞና ፉጂኩራ የተባሉት የጃፓን ኩባንያዎች ይህን ዓይነቱን ይሠራሉ። የራይስ ቡድን የተጠቀመበት የሱሚቶሞ ጥቅል ምስል የሚያስተላልፈው ክፍል ስፋት 720 ማይክሮሜትር ገደማ ሲሆን ከነሽፋኑ ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጥም።

አሁን እርሳስና ወረቀት ይያዙ። 720 ማይክሮሜትር ስፋት ያለው ክብ 407,000 ካሬ ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ለ30,000 ሲካፈል ለአንዱ መንገድ 13.6 ካሬ ማይክሮሜትር ይደርሰዋል። መንገዶቹ በስድስት ጎን አሰላለፍ ተደርድረዋል ብለን ብናሰላ፣ ከአንዱ መካከል እስከ ሌላው መካከል ያለው ርቀት 4 ማይክሮሜትር ያህል ይሆናል። የመሣሪያዎ የማየት አቅም ጣሪያ ይህ ቁጥር ነው። ከእንግዲህ የሚገዙት ሌንስም ሆነ ካሜራ ይህን ጣሪያ ከፍ አያደርገውም። የሕዋስ ኒውክሊየስ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ስለሚሆን እያንዳንዱ ኒውክሊየስ በጥቂት መንገዶች ብቻ ይታያል። መኖሩን፣ መጠኑን፣ ከጎረቤቱ ምን ያህል እንደራቀ ማየት ይቻላል፤ ውስጡን ማየት አይቻልም። ለካንሰር ምርመራ ግን የኒውክሊየሶች መተለቅ፣ መጨናነቅና ከሥርዓት መውጣት ራሱ ትልቅ ምልክት ነው።

ጣሪያውን ማለፍ የሚፈልግ ጫፉ ላይ ጥቃቅን ሌንሶች ይገጥማል፤ ዋጋውን ግን በእይታ ስፋት ይከፍላል። ማውና ኬያ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የሚሸጠው ሴልቪዚዮ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከመመርመሪያ ገመዶቹ አንዱ 1 ማይክሮሜትር ድረስ ይለያል፣ የሚያየው ክብ ግን 240 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። እኛ ያለ ሌንስ፣ በባዶ ጫፍ እንሠራለን።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ማዕከላዊ የብርሃን ሞገዱ 455 ናኖሜትር የሆነ ባለ አንድ ቺፕ ኃይለኛ ኤልኢዲ ከነማቀዝቀዣውና ከኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያው ጋር። የትኩረት ርቀቱ 20 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ ብርሃን ሰብሳቢ ሌንስ። ሦስት ማጣሪያዎች፦ በ450 ናኖሜትር ዙሪያ ያለውን ሰማያዊ ብቻ የሚያሳልፍ፤ በ475 ናኖሜትር ገደማ ከፍሎ ሰማያዊውን የሚያንጸባርቅና አረንጓዴውን የሚያሳልፍ ዳይክሮይክ መስታወት፤ ከካሜራው ፊት የሚቆም ከ506 እስከ 594 ናኖሜትር የሚያሳልፍ። ባለ 10 እጥፍ ኦብጀክቲቭ (የማይክሮስኮፕ አጉሊ ሌንስ)፣ ቢቻል የብርሃን መሰብሰቢያ ቁጥሩ 0.30 የሆነ። የተለመደው 0.25 ይሠራል፤ ነገር ግን ፋይበሩ በሰፊ ማዕዘን የሚያወጣውን ብርሃን ከፊሉን ያስቀራል። ከኦብጀክቲቩ የሚመጣውን ብርሃን ካሜራው ላይ ምስል አድርጎ የሚያሳርፍ ቲዩብ ሌንስ። ጥቁርና ነጭ ካሜራ። የፋይበሩን ፊት በሦስት አቅጣጫ በጥቂቱ የሚያንቀሳቅስ መያዣ። ሁሉን የሚሸከም ባለ አራት ዘንግ የኦፕቲክስ ማዕቀፍ።

ካሜራው ባለ ቀለም እንዳይሆን ይጠንቀቁ። የቀለም ካሜራ ፒክሰሎች ላይ ያለው የማጣሪያ ፍርግርግ ከፋይበሩ አሰላለፍ ጋር ሲገናኝ ምስሉ ላይ የሌለ ሞገድ ይፈጥራል። ባለ 2448 በ2048 ፒክሰል፣ ፒክሰሉ 3.45 ማይክሮሜትር የሆነ ካሜራ ከበቂ በላይ ነው። የዚህ ካሜራ የምስል መቀበያ ቁመት 7.07 ሚሊሜትር ነው። የኦብጀክቲቩ 10 እጥፍ የታሰበው በ180 ሚሊሜትር ቲዩብ ሌንስ ከሆነና እርስዎም ያንኑ ከተጠቀሙ፣ የፋይበሩ ክብ 7.2 ሚሊሜትር ሆኖ ከላይና ከታች ይቆረጣል። 150 ሚሊሜትር ቲዩብ ሌንስ ቢያስገቡ ማጉላቱ 8.3 እጥፍ ይሆናል፤ ክቡ ወደ 6 ሚሊሜትር ወርዶ ሙሉ በሙሉ ይገባል። ለእያንዳንዱ የፋይበር መንገድም ዘጠኝ ተኩል ያህል ፒክሰል ይደርሰዋል። ይህ በጣም ብዙ ስለሆነ ሁለት በሁለት እየደመሩ ማንበብ ይቻላል። ስለ ካሜራ የምለው ይህን ያህል ነው።

ማጣሪያዎቹና ጥቅሉ ከውጭ አገር ስለሚመጡ፣ በጉምሩክ የሚያልፍ ዕቃ የሚያዝዝ ሰው ከመጀመሪያው ትርፍ የጥቅል ርዝመት ይዘዝ። ሦስት ሜትር ገዝቶ አንድ ሜትር ተኩሉን ለልምምድ መመደብ ብክነት አይደለም፤ ጫፍ መወልወል የሚለመደው ጫፍ በማበላሸት ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ ጫፉ

መነጽር ያድርጉ። ሲሊካ ሲሰበር የሚወጣው ስንጣሪ ዓይን ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይወጣም፤ ጣት ውስጥ ከተሰነቀረም እንዲሁ። ጠረጴዛው ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር ገልብጠው ያስቀምጡና እያንዳንዱን ቁራጭ እዚያ ላይ ይለጥፉ።

ካሜራው በኩል የሚሆነው ጫፍ በብረት ወይም በሴራሚክ ፌሩል (ፋይበሩን የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ውስጥ ይገባል። የፌሩሉ ቀዳዳ ከፋይበሩ በትንሹ ብቻ የሰፋ ይሁን። ፋይበሩ ከተንጋደደ ምስሉን በፍጹም ቀጥ ማድረግ አይችሉም። ማጣበቂያውን ኤፖክሲ በቀስታ ይቀላቅሉ፤ አረፋ ካለው ወደ ፌሩሉ ከመግባቱ በፊት አረፋው እስኪጠፋ ያቆዩት። ፋይበሩን ከኋላ አስገብተው ከፊት በኩል ሁለት ሚሊሜትር ያህል ያስወጡት። ጫፉ ዙሪያ ትንሽ የኤፖክሲ ጉብታ ይተዉ፤ ሲወለወል የመስታወቱን ጠርዝ ከመሸራረፍ የሚጠብቀው እሱ ነው። እስከ ማግስቱ ሳይነኩ ያሳድሩት።

ሲደርቅ የተረፈውን በአልማዝ መጫሪያ ከጉብታው በላይ በአንድ በኩል ይጫሩትና ቀጥ አድርገው በመሳብ ይስበሩት። ለመገናኛ የሚያገለግለው ቀጭን ፋይበር በዚህ ብቻ ለስላሳ ፊት ይወጣዋል፤ እንዲህ የወፈረ ጥቅል ግን ሻካራ ሆኖ ይሰበራል። ስለዚህ መወልወል ግድ ነው።

ወፍራም ጠፍጣፋ መስታወት ላይ መወልወያ ፊልም ያንጥፉ። መስታወቱ ላይ መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ ውኃ ቢያደርጉ ፊልሙ ተጣብቆ ይቀመጣል። ፌሩሉን በመወልወያ ዲስክ ቀጥ አድርገው ይያዙና የእንግሊዝኛውን ስምንት ቁጥር እየሣሉ ያንቀሳቅሱት። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከፈተጉት ፊቱ ያዘነብላል። በ5 ማይክሮሜትር ፊልም ይጀምሩ፤ ጉብታው እስኪያልቅ ድረስ በጣም ቀላል ግፊት፣ የዲስኩ ክብደት ብቻ። ከዚያ 3፣ ከዚያ 1፣ መጨረሻ 0.3 ማይክሮሜትር። ሁልጊዜ በተጣራ ውኃ እየረጠበ።

እዚህ ላይ ሥራው የሚበላሸው ትዕግሥት ሲያልቅ ነው። ከአንዱ ፊልም ወደ ሚቀጥለው ከመሻገር በፊት ፌሩሉም፣ ዲስኩም፣ ጣትዎም ይታጠቡ። ከባለ 5 ማይክሮሜትሩ አንዲት ቅንጣት ወደ ባለ 0.3ቱ ፊልም ብትገባ ፊቱን ዳር እስከ ዳር ትጭረዋለች፤ ቅንጣቷም ፊልሙ ውስጥ ስለምትቀመጥ ደግመው ደጋግመው ቢወለውሉም ጭረቱ አይጠፋም። ፊልሙን መጣል እንጂ ሌላ መላ የለውም። በየደረጃው ፊቱን በተራ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ይመልከቱ። ሌላኛውን ጫፍ ወደ መስኮት ሲያዞሩ የማር እንጀራ የመሰለው አሰላለፍ በርቶ ይታያል። ጭረት ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ሆኖ ብዙ መንገዶችን ያቋርጣል፤ ሽርፍራፊ ከጠርዝ የሚጀምር ጥቁር ቁራጭ ይመስላል። አንድ ብቻውን የጠቆረ መንገድ ካዩ ምናልባት ከፋብሪካው የመጣ ነው፤ ይተዉት። ጥቁሩ ሰፋ ያለና ጠርዙ የደበዘዘ ከሆነ ቆሻሻ ነው፤ በአይሶፕሮፒል አልኮልና በሌንስ ወረቀት ይጥረጉ።

ሕብረ ሕዋሱን የሚነካው ጫፍም በዚሁ መንገድ ይወለወላል፤ በቀጭን የማይዝግ ብረት ቱቦ ውስጥ ተጣብቆ ከቱቦው ፊት ጋር እኩል እንዲሆን ነው የሚደረገው። የዚህ ጫፍ ፊት ከፋይበሩ ጋር ቀጤ ነክ መሆኑ ከሁሉ ይበልጣል። ለምን እንደሆነ በቁጥር ይታያል፦ ጫፉ ላይ ሌንስ ስለሌለ ከእያንዳንዱ መንገድ የሚወጣው ብርሃን ወዲያው ይበተናል። የፋይበሩ መሰብሰቢያ ቁጥር 0.35 ገደማ ከሆነ፣ በውኃ ውስጥ 50 ማይክሮሜትር ርቀት ላይ የአንዱ መንገድ ብርሃን ከ25 ማይክሮሜትር በላይ ሰፍቶ ከብዙ ጎረቤቶቹ ጋር ይደባለቃል። በዚያ ርቀት ሕዋስ የሚባል ነገር አይታይም። ስለዚህ ፊቱ ያዘነበለ ጫፍ ክቡን ግማሽ ጥርት፣ ግማሽ ጉም ያደርገዋል።

ፋይበሩን በሰፊው ጠምዝዘው ያስቀምጡት፤ አምራቹ ከጻፈው የማጠፊያ ልክ አይለፉ። ይህን ያህል የወፈረ ሲሊካ ሲሰበር ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ሁለተኛው ደረጃ፦ ማየት የሚችል ካሜራ

ቲዩብ ሌንሱንና ካሜራውን ብቻ ይግጠሙ። ሌላ ምንም ሳይጨምሩ በመስኮት አውጥተው ሩቅ ነገር ላይ ያነጣጥሩ፤ ተራራ፣ የቴሌ ምሰሶ፣ የሩቅ ሕንፃ። ምስሉ ጥርት እስኪል ካሜራውን ያንቀሳቅሱና እንዳይነቃነቅ ያጥብቁት። ከዚህ በኋላ ይህ ርቀት አይነካም። ኦብጀክቲቩ የተሠራው ትይዩ ጨረር እንዲያወጣ ነው፤ ይህን ደረጃ ዘልለው ኋላ ላይ ሁሉን ባንድ ጊዜ ለማስተካከል ከሞከሩ ምስሉ ጥርት ሊል ይችላል፤ ማጉላቱ ግን ካሰሉት ይለያል።

ከዚያ ኦብጀክቲቩን ይጨምሩ፤ የፋይበሩን ፊት በመያዣው ላይ አስቀምጠው ሌላኛውን ጫፍ ወደ ክፍሉ መብራት ያዙሩት። እያንዳንዱ መንገድ ተለይቶ እስኪታይ ያቅርቡ ያርቁ። ክቡ በሙሉ ባንድ ጊዜ ጥርት ካላለና አንዱ ዳር ከደበዘዘ ፌሩሉ ተንጋዷል።

ሦስተኛው ደረጃ፦ ሰማያዊው ብርሃን

ኤልኢዲው፣ ሰብሳቢ ሌንሱና የሰማያዊው ማጣሪያ በአንድ ክንድ ላይ ይሰለፋሉ፤ ዳይክሮይኩ በኦብጀክቲቩና በቲዩብ ሌንሱ መካከል በ45 ዲግሪ ቆሞ ብርሃኑን ወደ ኦብጀክቲቩ ይመልሳል። የዳይክሮይኩ የተቀባው ፊት ወደ ኤልኢዲው መዞር አለበት። የማጣሪያዎቹ ጠርዝ ላይ ያለው ቀስት ትርጉም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ የራሱን ወረቀት ያንብቡ።

የ20 ሚሊሜትር ሰብሳቢ ሌንስና 18 ሚሊሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ኦብጀክቲቭ አንድ ሚሊሜትር የሆነውን የኤልኢዲ ቺፕ ፋይበሩ ፊት ላይ 0.9 ሚሊሜትር አድርገው ያሳርፉታል፤ ክቡን ሞልቶ ጥቂት ይተርፋል። የቺፑ ሽቦዎች በምስሉ ላይ ከታዩ ሰብሳቢውን ሌንስ በትንሹ ያራቁት፤ ጥርት ያለ የቺፕ ምስል አንፈልግም።

ጫፉን የብርሃን ኃይል መለኪያ ላይ አድርገው ያንብቡና ቁጥሩን ይጻፉ። ለዚህ ሥራ አንድ ሚሊዋት ወይም ከዚያ ያነሰ በቂ ነው። ሰማያዊ ብርሃን ለዓይን ደግ ስላልሆነ ጫፉን ወደ ማንም ፊት አያዙሩ፤ እርስዎም እየሠራ መሆኑን ለማረጋገጥ ብለው አይመልከቱት፣ ወረቀት ላይ ያሳርፉት።

አሁን የካሜራውን ማጣሪያ ያስገቡና ክፍሉን ያጨልሙ። ጫፉ ባዶ አየር ላይ ሆኖ ካሜራው የሚያየው ብርሃን ሁሉ ከመሣሪያው ራሱ የመጣ ነው። ከፊሉ ከፋይበሩ መስታወት የሚወጣ ፍሎረሰንስ ስለሆነ ጨርሶ አይጠፋም፤ ከምስሉ ላይ ይቀነሳል። በጣም ከበረታ ግን ማጣሪያ ተገልብጧል ወይም ዳይክሮይኩ ከማዕዘኑ ወጥቷል። ጥቁር ካርቶን ቆርጦ የብርሃኑን መንገድ መክበብም ብዙ ይረዳል።

አራተኛው ደረጃ፦ ከሥጋ በፊት ወረቀት

በሌንስ መጥረጊያ ወረቀት ላይ ቢጫ ማድመቂያ ብዕር ይቀቡ፤ ይድረቅ፤ ጫፉን ያስነኩት። የወረቀቱ ክሮች አረንጓዴ ሆነው፣ በካሜራው ደግሞ ነጭ ሆነው፣ እርስ በርስ ተጠላልፈው ይታያሉ። ጫፉን በትንሹ ከወረቀቱ ሲያነሡት ምስሉ ወዲያው ይጠፋል። ከዚህ የተሻለ ርካሽ ፈተና የለም፤ ቀጤ ነክ ያልሆነ ጫፍም እዚሁ ይጋለጣል።

ከዚያ ሁለት ምስሎች ይውሰዱ። አንዱ ጫፉ በጨለማ አየር ላይ እያለ፤ ሁለተኛው ጫፉ ፕሮፍላቪን (አሠራሩ በአምስተኛው ደረጃ አለ) በላላበት ውኃ ውስጥ እንደተነከረ። የኋለኛው እኩል የበራ መሆን ያለበት ምስል ስለሆነ የእያንዳንዱን መንገድ ልዩነት ያሳያል። ሁለቱንም ያስቀምጡ፤ ኋላ ሁሉም ምስል በእነሱ ይታረማል። የካሜራው አውቶማቲክ ብርሃን ማስተካከያ ከአሁን ጀምሮ ይዘጋ፤ የብርሃን መቀበያ ጊዜ ወደ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይሁን።

የመለየት አቅምን እየቀጠኑ የሚሄዱ መስመሮች በየምድቡ በታተሙበት፣ እ.ኤ.አ. በ1951ዱ የአሜሪካ አየር ኃይል የመፈተኛ መስታወት ይለኩ። ከመስታወቱ ጀርባ ፍሎረሰንት ፕላስቲክ ያድርጉና ጫፉን መስመሮቹ የታተሙበት ፊት ላይ ያሳርፉ። መስመሮቹ እስከ ስድስተኛው ምድብ ስድስተኛ አባል ድረስ ከተለዩ፣ ማለትም 4.4 ማይክሮሜትር መስመር ከታየ፣ መሣሪያው ከስሌቱ ጋር ይስማማል። እስከ አምስተኛው ምድብ ብቻ ከሆነ ችግሩ ጫፉ ላይ ነው ወይም ጫፉ መስታወቱን አልነካም።

አምስተኛው ደረጃ፦ ሕብረ ሕዋስ

ቀለሙ ፕሮፍላቪን ነው። ድሮ ቁስል ለማድረቅ ያገለግል የነበረ ቢጫ ጸረ ተዋሕስያን ሲሆን ዲ.ኤን.ኤ ላይ ስለሚጣበቅ ኒውክሊየስን ያበራል፤ የኤልኢዲው ሰማያዊም የሚስማማው ነው። የሚያስፈልገው 0.01 በመቶ ብቻ ነው፦ 10 ሚሊግራም በ100 ሚሊሊትር ኖርማል ሳላይን (ለሕክምና የሚዘጋጅ የጨው ውኃ)። ሚዛንዎ 10 ሚሊግራምን በእርግጠኝነት የማይለካ ከሆነ 100 ሚሊግራም በ100 ሚሊሊትር ያሟሙና ከዚያ አንዱን እጅ በዘጠኝ እጅ ሳላይን ያላሉ። በጥቁር ጠርሙስ ወይም በፎይል ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ዲ.ኤን.ኤ ላይ የሚጣበቅ ነገር የእርስዎንም ዲ.ኤን.ኤ አይለይም፤ ጓንት ያድርጉ፣ ትርፉንም ከኬሚካል ቆሻሻ ጋር ያስወግዱ እንጂ ወደ ማጠቢያ አይድፉት።

ለመጀመሪያ ቀን አዲስ የተቆረጠ የበግ ጉበት ይሻላል። ሕዋሶቹ ሥርዓት ያላቸውና ተቀራራቢ መጠን ያላቸው ናቸው። በስለት አንድ ንጹሕ ፊት ያውጡ፣ ደሙን በሳላይን ያጥቡ፣ ቀለሙን በጥጥ ነካ ነካ ያድርጉ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ይቆዩና ትርፉን ያጥቡ። ካልታጠበ ቀለሙ ራሱ በጫፉና በሕብረ ሕዋሱ መካከል ያበራና ሁሉን ይሸፍናል።

ጫፉን በቀስታ ያሳርፉ። መጀመሪያ ግራጫ ጉም ነው የሚታየው። ጫፉ ሲነካ፣ በዚያችው ቅጽበት፣ ጥቁር መደብ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ብቅ ይላሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ኒውክሊየስ ነው። ከዚህ በላይ መጫን አያስፈልግም። ሲጫኑት ሕብረ ሕዋሱ ይጠፈጠፋል፣ ጫፉ ሲንሸራተትም ምስሉ ይጎተታል። እጅ የማይረጋ ከሆነ ፋይበሩን በማቆሚያ አስረው ናሙናውን ከታች ወደ ላይ ያንሡ።

ቀጥሎ አንጀት ይሞክሩ፤ ትልቁን አንጀት። ከውስጥ በኩል ያለውን ዝልግልግ ፈሳሽ በደንብ አጥበው ቀለሙን ሲቀቡ የዕጢዎቹ አፎች ክብ ክብ ሆነው፣ ዙሪያቸውን በኒውክሊየሶች ታጥረው ይታያሉ። የዚህ መሣሪያ እጅግ ያማረው እይታ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን የአንጀት ሽፋን እንስሳው ከታረደ በኋላ ቶሎ ይፈርሳል፤ ጠዋት የታረደውን ጠዋት፣ በቀዝቃዛ ሳላይን ይዘው ይሥሩ። ምላስ ደግሞ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ነው፤ የላይኛው ፊቱ ግን በደረቅ ኬራቲን የተሸፈነ ስለሆነ አብረቅራቂ ባዶ ሜዳ ብቻ ያሳያል። መሣሪያው የተበላሸ ይመስላል፤ አልተበላሸም።

ስድስተኛው ደረጃ፦ የማር እንጀራውን ማጥፋት

ጥሬው ምስል በፋይበሩ አሰላለፍ የተሸፈነ ነው። ፈጣኑ መፍትሔ ምስሉን በጋውስ ማለስለሻ ማሳለፍ ነው፤ የማለስለሻው ስፋት ከመንገድ እስከ መንገድ ካለው ርቀት ጋር የሚቀራረብ ሆኖ። ፒክሰሎቹን ሁለት በሁለት ደምረው ከሆነ ሲግማው (የስፋቱን ግማሽ ገደማ የሚገልጸው ቁጥር) 2 ፒክሰል አካባቢ ይሁን። በሥራ ላይ እያሉ ስክሪን ለማየት ይህ ይበቃል።

ለትንተና ግን ሌላውን መንገድ እመርጣለሁ። በፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ፣ በቀለም ውኃ ውስጥ ከተነሣው ምስል የእያንዳንዱን መንገድ መካከል ይፈልጉ፤ በአካባቢው ካሉት ሁሉ የሚበልጠውን ፒክሰል ማለት ነው፤ በሁለት እንዲህ ያሉ ፒክሰሎች መካከል ቢያንስ የ3 ፒክሰል ርቀት እንዲኖር ተደርጎ። ቁጥራቸው ወደ 30,000 መጠጋት አለበት፤ እጅግ ካነሰ ወይም ከበዛ ርቀቱን ያስተካክሉ። ከዚያ በየነጥቡ ከሕብረ ሕዋሱ ምስል ላይ የጨለማውን ምስል ይቀንሱ፤ ለቀለሙ ውኃ ምስል ከጨለማው በላይ ላለው ብርሃን ያካፍሉ። ያገኙት በነጥቦች ላይ የተቀመጠ ቁጥር ነው፤ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ባዶ ሳይፓይ የሚባለው የፓይተን የስሌት ጥቅል በሦስት ማዕዘን እየከፈለ በመሥመራዊ ግምት ይሞላዋል። ሦስት ማዕዘኖቹ አንዴ ከተሰሉ በኋላ ለሁሉም ምስል ስለሚያገለግሉ ሥራው ፈጣን ነው። ሁሉንም ራስዎ መጻፍ ካልፈለጉ በእንግሊዝ አገር ኬንት ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀና ፓይፋይበርበንድል የሚባል ነፃ የፓይተን ፕሮግራም አለ። ፋይበሩ በፌሩሉ ውስጥ በጥቂቱ እንኳ ከዞረ ግን መለኪያ ምስሎቹ እንደገና መነሣት አለባቸው።

ምን አይታይም?

ይህ መሣሪያ ጥልቀትን አይለይም። ከሥር ያለው የደበዘዘ ብርሃን ከላይኛው ጋር ተደምሮ ይመጣል፤ ኒውክሊየሶች በተጨናነቁበት ቦታ፣ ማለትም ካንሰር ባለበት በዚያው ቦታ፣ ንጽጽሩ ይቀንሳል። ሴልቪዚዮ በሌዘር እያንዳንዱን መንገድ በተራ እያበራ ይህን ያስወግዳል፤ ዋጋውም ያንኑ ያህል ነው። በመካከል ያለው መንገድ ብርሃኑን በመስመር መስመር እያንቀሳቀሱ ካሜራውም ያንኑ መስመር ብቻ እንዲያነብ ማድረግ ነው። የራይስ ቡድን ጥቃቅን መስታወቶች ባሉት ቺፕ ይህንኑ ሠርቷል። መጀመሪያ ቀላሉን ሠርተው ይጨርሱ።

ወደ ሰው ሲሻገር

የመሣሪያው ዋነኛ ጥቅም የተፈተነው በጉሮሮና በማሕፀን በር ካንሰር ላይ ነው። በጉሮሮ ምርመራ ሉጎል የሚባለው የአዮዲን ቀለም ሲረጭ አጠራጣሪውን ቦታ ሳይቀባ ያሳያል፤ ነገር ግን ካንሰር ያልሆነውንም ብዙ ያስጠረጥራል። በቻይናና በአሜሪካ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ከሉጎል ቀጥሎ በፋይበሩ ማየት አላስፈላጊ ናሙና መውሰድን እንደሚቀንስ አሳይቷል። በብራዚልና በኤል ሳልቫዶር ደግሞ ለማሕፀን በር ተሞክሯል። የጉሮሮ ካንሰር በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታይ በሽታ፣ የማሕፀን በር ካንሰርም የኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቁ ዋነኛ ካንሰሮች አንዱ ስለሆነ ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ፋይበሩ በተለመደው የጨጓራ ኢንዶስኮፕ 2.8 ሚሊሜትር የመሣሪያ መተላለፊያ ውስጥ በቀላሉ ያልፋል።

ይህ ማለት ግን በቤተ ሙከራ የተገጣጠመው ዕቃ ነገ ሆስፒታል ይገባል ማለት አይደለም። የተቋሙ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሕክምና መሣሪያ መስፈርቶች፣ የቀለሙም ለብቻው መፈቀድ፣ ሁሉም በቅድሚያ ይመጣሉ። በራስ ከንፈር ወይም በጓደኛ ጉንጭ ላይ «እስቲ ትንሽ» ብሎ መሞከርም ከዚህ ውጭ አይደለም። ፈቃድ በተገኘበት ጥናትም ቢሆን ፋይበሩ የሚሰጠው ናሙና ከየት ይወሰድ የሚለውን ነው፤ ምርመራውን የሚወስነው ባዮፕሲው፣ ማለትም የተወሰደው ናሙና በፓቶሎጂ መታየቱ፣ ነው።

ለዚያ ደረጃ የሚያስብ ሰው ኤፖክሲውን ከመጀመሪያው ለሕክምና ከተፈቀዱት ይምረጥ። በየታካሚው መካከል ጫፉ ኦርቶ-ፍታላልዴሃይድ በሚባል ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ውስጥ ተዘፍቆ፣ አምራቹ በጻፈው ጊዜ ልክ ይጸዳል፤ ከዚያ በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠባል። ተራ ኤፖክሲ ይህን ደጋግሞ ሲቀበል ይለሰልሳል፣ ጠርዙም ከመስታወቱ ይላቀቃል፤ ክፍተቱ ውስጥ ደግሞ ቀለምና ፈሳሽ ይጠራቀማል። ከየጽዳቱ በኋላ ጫፉን በማይክሮስኮፕ ይመልከቱ፤ በመስታወቱ ዙሪያ ቢጫ ቀለበት ካዩ ያ ጫፍ ለሰው አይመለስም፣ ይቆረጥና እንደገና ተጣብቆ ይወለወላል።